የድምፅ መኪና ሲገዛ ምን መጠየቅ ይገባል?

ሰው ዕቃ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ውስጡ ምን አለው?» ብሎ ነው። ቦርሳ የሚገዛ ኪሱን ይቈጥራል። ስልክ የሚገዛ የካሜራውን ብዛት ይጠይቃል። ኦርጋን የሚገዛ ሙዚቀኛም ስንት ዓይነት ድምፅና ስንት ዓይነት ምት እንደ ተጫነበት ሳያውቅ ገንዘቡን አይከፍልም። ይህ አጠያየቅ ለብዙ ዕቃ ይበጃል፤ ዛሬ ልጽፍበት ላሰብኩት መኪና ግን አይበጅም። የዚህ መኪና ዋና ጠባይ ገዥው እስኪሞላው ድረስ ባዶ ሆኖ መጠበቁ ነውና።

መኪናው ሳምፕለር ይባላል። ማንኛውንም ድምፅ፣ የከበሮ ምት ቢሆን፣ የሕፃን ሣቅ ቢሆን፣ የበር መንኳኳት ቢሆን፣ በማይክራፎን ወይም በሽቦ ተቀብሎ ወደ ቍጥር ይለውጥና በሆዱ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ በላዩ ከተደረደሩት አራት ማዕዘን ቁልፎች አንዱን በጣት ሲመቱት ያንኑ ድምፅ መልሶ ይሰጣል። ድምፁን ማሳጠር፣ ማቅጠን፣ ማወፈር፣ ከኋላ ወደ ፊት ማስኬድ፣ ደጋግሞ ማዞርም ይቻላል። ቴፕ ክር የሰማውን እንዳለ የሚደግም ተማሪ ነው ብንል፣ ሳምፕለር ደግሞ የሰማውን ቃል ለቃል እየለየ ከዚያው አዲስ ዓረፍተ ነገር የሚሠራ ተማሪ ነው ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ የሚሰማው የራፕና የዳንስ ሙዚቃ ብዙው በእንዲህ ያለ መኪና የተሠራ ነው።

እኔ በሀቢቾ የምኖር፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ የማስተምር ሰው ነኝ። ሙዚቃ እንጀራዬ አይደለም፤ ዳሩ ግን ከሥራ በኋላ የምውልበት ነገር እርሱ ነው። ሁለት ባልንጀሮች አሉኝ። አንደኛው በሆሳዕናና በአካባቢዋ በሠርግ ድንኳን ኦርጋን የሚጫወት ነው። ሁለተኛው በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሲሆን ማታ ማታ በላፕቶፑ ዜማ ያቀናብራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ሦስታችን ከደመወዛችን እየቈጠብን አንድ የድምፅ መኪና በጋራ ለመግዛት ተስማማን። የታሰበውም ለሁለት አገልግሎት ነው፤ ይኸውም በቤት ውስጥ ለቀረጻ፣ በመድረክም ላይ ለጨዋታ እንዲሆን።

ገንዘቡ ግን አልሞላም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2024 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በዶላር የሚገዛ ዕቃ ሁሉ በብር ሲቈጠር ዋጋው እንደ ናረ አንባቢዬ ያውቃል። የጐደለውን የሞላልን የአክስቴ ልጅ ነው። ከሆሳዕና አካባቢ እንደ ወጡት ብዙ ወጣቶች እርሱም ደቡብ አፍሪካ ገብቶ በአንዲት ትንሽ ሱቅ ውስጥ ይሠራል። ከወጣ ስምንት ዓመት ሆኖታል። «የቀረውን እኔ እከፍላለሁ፤ ወደ አገር የሚመለስ ሰው ፈልጌም ዕቃውን እልካለሁ» አለኝ። «አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። እናቴ እንሰት ስትፍቅ የምታንጐራጕረውን ዜማ ቅዳልኝ። በስልክ ስንገናኝ ጤናዬን ትጠይቀኛለች፣ ትመርቀኛለች፤ በስልክ ግን አታንጐራጕርም።»

ይህ ልመና የመኪናውን ምርጫ ለወጠው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሦስታችን የምንከራከረው የየትኛው ፋብሪካ መኪና ብዙ ድምፅ ተጭኖለት እንደሚመጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የምንጠይቀው የትኛው መኪና አክስቴ ጓሮ ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ሆነ። ይህን በሚመስል ምርጫ ላይ ያለ ተማሪ ወይም ሠራተኛ ቢኖር ይጠቅመው እንደ ሆነ፣ የጠየቅነውንና ያገኘነውን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ።

አስቀድሞ ግን ከታሪኩ ጥቂት ማወቅ ያስፈልጋል፤ ከመጠምጠም መማር ይቅደም ተብሏልና። ስለ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሲወራ የሚነሣው የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የጃፓን ስም ነው። ለእኛ የሚቀርበው ታሪክ ግን ከካይሮ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1944 ሐሊም ኤል ዳብ የተባለ ግብጻዊ ወጣት ከአንድ የሬዲዮ ጣቢያ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ የዛር ሥርዓት ወደሚደረግበት ሥፍራ ሄደና የሴቶቹን ዜማ ቀዳ። ከዚያም በጣቢያው ክፍል ውስጥ የቀዳውን እያስተጋባና ድምፁን እያጣራ አዲስ ሥራ አወጣበት። ይህ የሆነው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በፓሪስ ከተቀዳ ድምፅ የተሠራ ሙዚቃውን በ1948 ከማሰማቱ አራት ዓመት አስቀድሞ ነው። ይኸው ኤል ዳብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963ም ክራርን፣ መሰንቆን፣ ዋሽንትንና ሌሎቹን የአገር መሣሪያዎች በአንድ መድረክ ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን አቋቋመ። ከዚህ ሰው የምንማረው ነገር ግልጽ ነው። ድምፁ ወደ መኪናው እስኪመጣ አልጠበቀም፤ መኪናውን ተሸክሞ ድምፁ ወዳለበት ሄደ።

ድምፅን በቍጥር የሚይዘው መኪና ለገበያ የቀረበው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። በ1979 የወጣው የአውስትራልያው ፌርላይት ዋጋው ከ10,000 ዶላር በላይ ስለ ነበረ ታላላቅ ስቱዲዮዎች ካልሆኑ በቀር የሚደፍረው አልነበረም። በ1987 በአሜሪካ የወጣው ኤስ.ፒ. 1200 ደግሞ በጠቅላላው 10 ሰከንድ ያህል ድምፅ ብቻ ይይዝ ነበር። የኒው ዮርክ ልጆች ግን በዚያች 10 ሰከንድ ተጨንቀው ዘዴ ፈጠሩ። ሸክላውን በፍጥነት እያዞሩ ከቀዱ በኋላ በመኪናው ውስጥ መልሰው ያዘገዩታል፤ በዚህም ጥቂቷን ሰከንድ አብዛኟት። በ1988 ሮጀር ሊን የተባለው አሜሪካዊ ከጃፓኑ አካይ ፋብሪካ ጋር የሠራው ኤም.ፒ.ሲ. 60 አራት በአራት የተደረደሩ 16 መቺ ቁልፎች ነበሩት። ዛሬም የአብዛኛው ሳምፕለር ፊት የዚያን መልክ ይመስላል።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። የመጀመሪያው ጥያቄ «መኪናው ከነጭራሹ ያስፈልገኛል ወይ?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ ነጋዴ አይጠይቅልህም። ስልክህ ድምፅ ይቀዳል፤ ላፕቶፕ ካለህ ደግሞ መቍረጡን፣ ማቀናበሩን፣ ማደባለቁን ሁሉ በእርሱ መሥራት ትችላለህ። ሥራህ በቤት ውስጥ ብቻ ከሆነና ላፕቶፕ ካለህ ገንዘብህን ለማይክራፎንና ለጥሩ የጆሮ ማዳመጫ አውለው። የሒሳብ ሠራተኛው ባልንጀራዬ እስከ መጨረሻው የተከራከረው በዚህ ነበር፤ ክርክሩም ሐሰት አልነበረውም። የኦርጋን ተጫዋቹ መልስ ግን እንዲህ ነው፤ «በሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ አቧራው ሲነሣ፣ ሰው ሲጨፍር፣ ሞንታርቦው ጆሮ ሲያደነቍር በላፕቶፕ መስኮት ላይ በቀስት ነገር ፍለጋ ልሂድ? ለእኔ ሳላይ የምመታው ነገር ያስፈልገኛል።» ሳምፕለር የሚፈለገው ለዚህ ነው፤ ጣት ሳያይ ይማረዋልና።

ሁለተኛው ጥያቄ የመብራት ጥያቄ ነው። አንባቢዬ ይህን ተራ ነገር አድርጎ እንዳያልፈው። ለምሳሌ ያህል ከስዊድን የሚመጣውን፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣውን ዲጂታክት እንውሰድ። ምት ለመደርደር እጅግ የተመሰገነ መኪና ነው፤ 8 የድምፅ መስመሮች ነበሩት፤ በ2024 የወጣው ሁለተኛው ደግሞ መስመሩን 16 አድርሶታል። ነገር ግን ባትሪ የለውም፤ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። በዚያው በ2017 የወጣው አካይ ኤም.ፒ.ሲ. ላይቭ በውስጡ የሚሞላ ባትሪ አለው፤ በ2020 የወጣው ሁለተኛው ድምፅ ማጉያም ተጨምሮለታል። ሰፊ መስኮት ያለው፣ ላፕቶፕ ሊተካ የሚችል መኪና ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው ነው። በ2018 የወጣው ፒ.ኦ. 33 የሚባለው የስዊድን መኪና በሌላው ጫፍ ያለ ነው። የኪስ ሒሳብ መሥሪያ የሚያህል ሲሆን ዋጋው ከ100 ዶላር በታች ነበር፤ ማይክራፎን አለው፤ በሁለት ትናንሽ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ የሚይዘው ግን 40 ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚሁ ፋብሪካ በ2023 የወጣው ኢ.ፒ. 133 ማይክራፎንም ድምፅ ማጉያም አለው፤ በአራት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ሲወጣ ዋጋው 300 ዶላር ያህል ነበር። በ2021 የወጣው የጃፓኑ ሮላንድ ኤስ.ፒ. 404 ኤም.ኬ. 2 ደግሞ 500 ዶላር ያህል ነበር። በስድስት ባትሪ ድንጋይ፣ አለዚያም እንደ ስልክ በዩ.ኤስ.ቢ. ሽቦ ይሠራል። በስልክ ሽቦ መሥራቱ ለእኛ አገር ትልቅ ነገር ነው። ስልክ መሙያ ባንክ ያለው ሰው ጄኔሬተር እስኪነሣ አይጠብቅም።

ባትሪ ለሙዚቀኛ ምን ያህል እንደሚጠቅም ኃይሉ መርጊያ ምስክር ነው። የዋልያስ ባንድ ባልደረባ የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1985 በዋሽንግተን ከተማ አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖን፣ ሙግ የተባለውን ድምፅ ፈጣሪ መሣሪያና የከበሮ መኪናን ይዞ ብቻውን አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነጂ ሆነ፤ መንገደኛ ሲጠብቅ ግን በባትሪ የሚሠራውን ኦርጋን ከታክሲው ውስጥ አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ሲሰማ ጣቶቹ ሥራቸውን አልረሱም ነበር። የመሣሪያ ጥቅሙ ባለቤቱ ባለበት ሁሉ አብሮት ሲገኝ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ «ስንት ደቂቃ ይይዛል? ምን ያህልስ አጥርቶ ይይዛል?» የሚለው ነው። ይህን ለመመለስ ከሻጩ ቃል ይልቅ እርሳስና ወረቀት ይሻላል። የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ 20,000 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል። ድምፅን በቍጥር የሚይዝ መኪና ከዚህ ከእጥፍ በላይ መለካት አለበት፤ ስለዚህ በሲዲ ላይ የምንሰማው ድምፅ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ተለክቶ የተጻፈ ነው። እያንዳንዱ ልክ በ16 ቢት ሲጻፍ 65,536 ደረጃ ይኖረዋል፤ በ12 ቢት 4,096፣ በ8 ቢት ደግሞ 256 ደረጃ ብቻ። የድሮዎቹ መኪናዎች ድምፅ ሻከር የሚለው ደረጃው ጥቂት ስለ ነበረ ነው፤ ያንን መሻከር ዛሬ ወድደው የሚፈልጉት አሉ። 16 ቢት ሁለት ባይት ስለሆነ በአንድ ማይክራፎን የተቀዳ አንድ ሰከንድ 88,200 ባይት፣ አንድ ደቂቃ ደግሞ 5.3 ሜጋ ባይት ያህል ይፈጃል። እንግዲህ 64 ሜጋ ባይት የሚይዝ መኪና 12 ደቂቃ ያህል ይይዛል ማለት ነው። ለከበሮ ምት 12 ደቂቃ ባሕር ነው፤ የእናትን ዜማ ከነመነሻው እስከ መጨረሻው ለመቅዳት ግን ይጠባል። በቅድሚያ ምን እንደምትቀዳ እወቅ፤ ከዚያ ደቂቃውን አስላ።

አራተኛው ጥያቄ ስለ ቅኝት ነው። የኦርጋን ቁልፎች ድምፅን በእኩል 12 ይከፍሉታል። የእኛ አገር ዜማ ግን በዚህ ሚዛን ሁልጊዜ አይሰፈርም፤ አንቺ ሆዬን በኦርጋን የሞከረ ሁሉ ያውቀዋል። የአክስቴም ዜማ በቁልፍና በቁልፍ መካከል እየተሽሎከሎከ የሚያልፍ ነው። ሳምፕለር እዚህ ላይ ከኦርጋን ይሻላል። የሰማውን ድምፅ በራሱ ልክ ይይዛልና፣ ገዥው ካላስገደደው በቀር ወደ 12ቱ ቤት ግባ አይለውም። ሚካኤል ሰይፉ እ.ኤ.አ. በ2016 «ዘላለም» ብሎ ያወጣውን ሥራ፣ ወይም ኢትዮጵያን ሪከርድስ በሚል ስም የሚሠራውን እንደገና ሙሉን የሰማ ሰው፣ የአገር ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ሲጋባ ጠባዩን ሳይለቅ መኖር እንደሚችል ይረዳል። ስለዚህ መኪና ስትመርጥ ድምፅን ቀስ አድርጎ፣ በትንሽ በትንሹ ከፍና ዝቅ ለማድረግ የሚፈቅድ መሆኑን ጠይቅ።

በነዚህ ጥያቄዎች መዝነን ሦስታችንም በሮላንዱ ተስማማን። የሒሳብ ሠራተኛው ሰፊ መስኮት ባለማግኘቱ ጥቂት አዘነ። ኦርጋን ተጫዋቹ በመቺ ቁልፎቹ ተደሰተ። እኔ የተደሰትሁት በስድስቱ ባትሪ ድንጋይ ነው። ዕቃው ከሰው ጋር መጣ፤ በመጀመሪያው ቅዳሜም ማይክራፎን ጨምረን ይዘነው ወደ አክስቴ ጓሮ ሄድን።

እንሰት ሲፋቅ ያላየ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሴቲቱ የእንሰቱን ግንድ ከሰነጠቀች በኋላ ልጡን በዘመመ ሳንቃ ላይ አስደግፋ፣ በእግሯ ደግፋ ይዛ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ትፍቀዋለች። ለቆጮ የሚሆነው ይወርዳል፤ ቃጫው በእጇ ይቀራል። የመፋቂያው ድምፅ ረጅምና አጭር እየሆነ ይመላለሳል። አክስቴ ከዚያ ድምፅ ጋር ነው የሚያንጐራጕሩት። ስለ ልጃቸው ልመና ነግሬአቸው ስለ ነበረ እሺ ብለው ነበር፤ ማይክራፎኑን ሲያዩ ግን ዝም አሉ። እኛም አጠገባቸው አስቀምጠነው ወሬ ጀመርን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ማይክራፎኑን ረስተው ዜማው መጣላቸው።

ሥራቸውን ሲጨርሱ በጆሮ ማዳመጫ አሰማናቸው፤ ፈገግ አሉ። ከዚያ ኦርጋን ተጫዋቹ የመኪናውን ጠባይ ሊያሳያቸው ብሎ ድምፃቸውን ከፍ አድርጎ በሌላ ቁልፍ መታው። ድምፅ እንዲህ ሲቀጥን ፍጥነቱም አብሮ ስለሚጨምር የአሮጊት ድምፅ የልጃገረድ ድምፅ ይሆናል። አክስቴ የጆሮ ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ጭምቅ አድርገው ይዘው ቈዩና «ይህችማ እኔ ነኝ፤ ገና ሳልዳር» አሉ። በሀዲይኛ የተናገሩትን ወደ አማርኛ ስመልሰው ነው እንጂ በራሳቸው ቋንቋ ከዚህ ይልቅ ያምራል።

ቀጥለውም «ሌላስ ምን ታደርጉታላችሁ?» ብለው ጠየቁ። ባልንጀራዬ ሳይደብቅ ነገራቸው፤ ይህን ምትና ይህን ድምፅ በሠርግ ላይ ከኦርጋኑ ጋር ሊያሰማው እንደሚፈልግ አስረዳቸው። አክስቴ መፋቂያውን አንሥተው እያገላበጡ «የመፋቂያው ድምፅ የእንሰቱ ነው፤ ውሰዱት። የከብቱንም፣ የዶሮውንም ውሰዱ። ዜማው ግን ለልጄ ነው። ለእርሱ ላኩለት፤ በድንኳን አትዘርጉት» አሉ።

እስከዚያች ሰዓት ድረስ ከጻፍኳቸው አራት ጥያቄዎች በላይ አምስተኛ እንዳለ አልተነገረንም ነበር፤ በየትኛውም የፋብሪካ መጽሐፍ ላይም አይገኝም። ይኸውም «ድምፁ የማን ነው?» የሚለው ነው። መኪናው የዶሮ ድምፅና የእናት ድምፅ አይለይም፤ ሁለቱም ለእርሱ ቍጥር ናቸው። የሚለየው የያዘው ሰው ነው። በአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 የደራሲውን ብቻ ሳይሆን የከዋኙንም መብት ይጠብቃል። ዳሩ ግን አክስቴ አዋጁን አንብበው አልነበረም የተናገሩት። የሚሰጥና የማይሰጥ ነገር እንዳለ ስለሚያውቁ ነው። ባልንጀራዬም ራሱን ዝቅ አድርጎ «እሺ እማማ» አለ፤ ዜማውን ለአክስቴ ልጅ እንደ ላክነው ከመድረኩ መኪና ላይ በፊቴ አጠፋው።

ዜማውን ከመላካችን በፊት የሒሳብ ሠራተኛው ከድምፁ በስተጀርባ የሚሰማውን ፍቅፍቅታና የዶሮ ጩኸት በላፕቶፑ አጽድቶ ዜማውን ብቻ ሊያስቀር አሰበ። ስቱዲዮ ማለት ለእርሱ ጽዳት ነው። እኛም ጽዱውንና እንዳለ ያለውን ሁለቱንም ላክን። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ «ጽዱው የሌላ ሰው እናት ትመስላለች። እንዳለ ያለውን ነው የማዳምጠው» የሚል።

የመፋቂያው ድምፅ ግን በድንኳን ገባ። ባልንጀራዬ ረጅሙን ፍቅታ ከአጭሩ ለይቶ በአራት ቁልፎች ላይ አሰናድቶ፣ ዝግ ባለው የሠርግ ዜማ ሥር ያስኬደው ጀመር። በመጀመሪያው ሠርግ ላይ ጐረምሶቹ «ይህ የምን ከበሮ ነው?» እያሉ ጠየቁት። እናቶቹ ሳይጠይቁ አወቁት፤ እርስ በርስ እየተያዩ ሣቁ፤ አንዲቱም በእጇ የመፋቅ ምልክት እያሳየች ወደ ጭፈራው ገባች። እኔ በሠርግ ቤት የፋብሪካ ምት ሲመታ እንዲህ ያለ ነገር ሲሆን አይቼ አላውቅም።

አንዳንድ ሰው እንዲህ ያለው መኪና የሙዚቀኛን እንጀራ ይነጥቃል ብሎ ይሠጋል። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ገደቡ የሌሊት ክበባትን ሙዚቃ ካዳከመ በኋላ፣ ቀድሞ ብዙ ነፊዎችና መቺዎች ይቆሙበት በነበረው መድረክ አንድ ኦርጋን ተጫዋች ብቻውን ሲቆም አይተናል። ሳምፕለርም ከበሮ መቺውን ቀድቶ መቺውን ራሱን ወደ ቤቱ ሊሸኘው ይችላል። ባልንጀራዬ ይህን በመሰለ ነገር ላይ አንድ ሕግ አወጣ፤ በድንኳኑ ውስጥ ሊመጣ የሚችለውን ሰው ድምፅ ከመኪናው አያስጮህም። ከበሮ መቺው አጠገቡ ቆሞ ይመታል፤ መኪናው የሚያሰማው ወደ ድንኳን ሊመጣ የማይችለውን፣ የእንሰቱን፣ የወፍጮውን፣ የዝናቡን ድምፅ ነው። ይህ ሕግ ለሁሉ ሰው ይስማማል አልልም፤ ለእኛ ግን መኪናውም መቺውም አብረው እንዲበሉ አድርጓል።

ተጭኖለት የሚመጣውን ድምፅ አጥላላለሁ ተብሎም እንዳይታሰብብኝ። ለመለማመጃ ይጠቅማል፤ ጥሩ ጥሩ ምትም አለበት። ነገር ግን ያ ድምፅ ለአንተ የተመረጠው በማታውቀው ሰው ነው፤ መኪናውን የገዛ ሁሉም ያንኑ ይዟል። የጓሮህን ድምፅ ግን ከአንተ በቀር የሚያመጣው የለም።

እንግዲህ ገንዘቡን ቈጥቦ የድምፅ መኪና ለመግዛት ለሚያስብ ወጣት ምክሬ አጭር ነው። ሱቅ ከመሄድህ በፊት ለአንድ ሳምንት በስልክህ የአካባቢህን ድምፅ ቅዳ፤ ወጪ የለውም። በሳምንቱ መጨረሻ ተቀምጠህ አዳምጠው። ደግመህ ልትሰማው የምትወደው አንድ ድምፅ እንኳ ካላገኘህ ገንዘብህን ለሌላ ጉዳይ አቆየው፤ መኪናው ያላገኘኸውን አይፈጥርልህም። ካገኘህ ግን ያ ድምፅ ራሱ የትኛውን መኪና መግዛት እንዳለብህ ይነግርሃል፤ ርዝመቱ ደቂቃውን፣ የሚገኝበት ሥፍራ ባትሪውን፣ ዜማው ቅኝቱን፣ ባለቤቱም ፈቃዱን። ፈቃዱን ለመጠየቅ ባለቤቱ በሕይወት ሳሉ መሄድ እንደሚሻል ግን ለማንም መምከር የሚያስፈልግ አይመስለኝም።